ዲቴክተሩ የቆመበት ደጅ

እኔ በዚህ ዓይነት ነገር አምኜ አላውቅም፣ አሁንም አላምንም፣ ይህን የምጽፈውም ሰው እየጨመረበትና እየቀነሰበት ሲያወራው ስለሰለቸኝ ነው፣ ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰሙት ከባለቤቱ ብትሰሙት ይሻላል ብዬ ነው። መንፈስ፣ ዓይነ ጥላ፣ ምናምን የሚባለውን ሰው ሲያወራ ዝም ብዬ እሰማለሁ፣ ሲጨርስ "እሺ፣ ከዚያስ?" እላለሁ እንጂ ልቤ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ከሁሉም ደግሞ ሌባ ሻይ የሚባለውን እጠላለሁ፣ የምጠላበት ምክንያትም አለኝ።

ለማታውቁት ልንገራችሁ፣ ድሮ በእኛ አገር ዕቃ ሲጠፋ አንድ ጎረምሳ ያመጡና በወተት የተበጠበጠ ነገር ያጠጡታል፣ ወገቡን በመቀነት አስረው ጫፉን አንድ ሰው ከኋላ ይይዛል፣ ጎረምሳውም እንደ ሰካራም እየተንገዳገደ መንደሩን ይዞራል፣ የወደቀበት ደጅ ባለቤት ሌባ ነው ይባላል፣ ምስክር የለ፣ ክርክር የለ፣ አለቀ። ክልክል ከሆነ ቆይቷል ይባል ነበር፣ እኛ ጋ ግን አዋጅ ቶሎ አይደርስም። ስድስት ወይ ሰባት ዓመቴ እያለ የአንድ ሰው ጠመንጃ ጠፋና ሌባ ሻዩ አባቴ ደጅ ላይ ወደቀ። አባቴ በቅሎውን ተቀማ፣ ከበቅሎው የባሰው ግን ስሙ ነበር፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ሲስም ከሰው ተለይቶ ቆመ። ከዚያ ጠመንጃው የባለ ጠመንጃው የገዛ ወንድም ጎተራ ውስጥ ተገኘ፣ አንድ ሰው እንኳ መጥቶ ይቅርታ አላለውም። ሶ ይሄን በዓይኑ ያየ ሰው በሌባ ሻይ ምን እምነት ይኖረዋል፣ እናንተው ፍረዱ።

ነገሩ የሆነው እዚሁ ሲያትል ነው፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በዘጠናዎቹ አጋማሽ። ያኔ ከአንድ ሆስፒታል ዕቃ ማጠቢያ ቤት ጡረታ ወጥቼ ቢከን ሂል ላይ ቤዝመንት ተከራይቼ ብቻዬን እኖር ነበር። ሁለት ጓደኞች ነበሩኝ፣ አንደኛው ዳምጠው ነው፣ እኩያዬ፣ ጴንጤ ነው፣ ሳይጸልይ መኪና አያስነሳም። ሁለተኛው ወልዴ ነው፣ በዕድሜ ከእኛ በጣም ያንሳል፣ ታክሲ ነጂ፣ ቀልዱ ከሜትሩ ፈጥኖ የሚቆጥር ሰው። ዳምጠው አንድ ቅዳሜ ሌክ ሲቲ ካለ ያርድ ሴል፣ ሰው አሮጌ ዕቃውን ደጁ ላይ ከሚሸጥበት፣ ያንን ብረት የሚፈልግ ማሽን፣ ዲቴክተር የሚሉትን፣ ገዝቶ መጣ፣ እጀታው ረጅም ነው፣ ጫፉ ላይ እንደ ድስት ክዳን ያለ ክብ ነገር አለው፣ መሬት ለመሬት ስታወዛውዙት ከሥር ብረት ካለ ይጮሃል። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ሦስታችን ፓርክ ለፓርክ ነበርን። ምን አገኛችሁ አትሉኝም፣ ስንዴ የተሳለበት የድሮ ፔኒ አገኘን፣ የወታደር ኮት ቁልፍ አገኘን፣ አንዴ ደግሞ የተጣመመ የብር ማንኪያ፣ የቀረው ቆርኪ ነው፣ እመኑኝ፣ የአሜሪካ አፈር ግማሹ ቆርኪ ነው። ድምፁን ስለለመድኩት ሳይቆፈር እናገር ነበር፣ ሳንቲም ጢው ይላል፣ ቆርኪ ይንተባተባል፣ ሚስማር ያጉረመርማል።

እንግዲህ በዚያው ዓመት በነሐሴ የአበሻ ማኅበራችን ሰዎች ቢከን ሂል ያለው ፓርክ ውስጥ ባርቤኪው አደረግን። የወልዴ ሚስት ጥሩነሽ ሥጋ በቅመም ልታሽ እጅጌዋን ሰብስባ፣ የእናቷን የወርቅ ቀለበት አወለቀችና "ጋሽ አየለ፣ እስክታጠብ ይያዙልኝ" አለችኝ። ያን ቀለበት በሱዳን በኩል ስትወጣ በቀሚሷ ጠርዝ ውስጥ ሰፍታ ነው ያመጣችው፣ ከእናቷ የቀራት እሱ ብቻ ነው። በቀኝ መዳፌ ያዝኩት። አሽታ ጨረሰች፣ ታጠበች፣ እኔም አግዳሚው ላይ ታጥፎ የነበረው ነጠላዋ ላይ አኖርኩትና "ይኸው" አልኳት፣ "እሺ" አለች። እኔ የማውቀው ይሄንን ነው። ሲመሻሽ ቀለበቱ የለም። ጥሩነሽ እያለቀሰች "እኔ መልሰው የሰጡኝ አይመስለኝም" አለች፣ በክፋት አይደለም ያለችው፣ የመሰላትን ነው ያለችው።

ማንም ሌባ አላለኝም፣ ሌባ ቢሉኝ ኖሮ መልስ ነበረኝ። የማኅበሩን አዳራሽ ቁልፍ አራት ዓመት የያዝኩት እኔ ነበርኩ፣ በሳምንቱ አንዱ መጥቶ "ጋሽ አየለ፣ ቁልፉን ለጊዜው ለሌላ ሰው እንስጠው፣ እርስዎም ይረፉ" አለኝ። ሴቶቹ እኔ ስቀመጥ ቦርሳቸውን ከወንበር ላይ አንስተው ጭናቸው ላይ ያደርጋሉ፣ ሳያስቡት ነው የሚያደርጉት፣ እሱ ነው የሚያመው። ወልዴ ራሱ "እኔ እርስዎን አልጠረጥርም" አለኝ። አንድ ጊዜ ቢለኝ አምነው ነበር፣ አራት ጊዜ አለኝ።

ሶ ያን ቀለበት ማግኘት ነበረብኝ፣ ሌላ መንገድ የለም። ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ያንን አግዳሚና በአጠገቡ ያለውን ዛፍ ስንት ቅዳሜ እንደዞርኩት እኔና ማሽኑ እናውቃለን፣ ሣሩን በጣት በጣት ነው ያበጠርኩት፣ ቆርኪ።

እንዲህ ያለ ነገር በሌሊት ነው የሚሆነው ይላሉ፣ የእኔ የሆነው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ቅዳሜ ነበር፣ ጭጋጉ ከመሬት አልተነሳም፣ የልጆቹ ዥዋዥዌ ሃያ እርምጃ ላይ ሆኖ ሰንሰለቱ ሲጥ ሲጥ ሲል ይሰማል እንጂ አይታይም። ሦስታችንም እንድንሰማው የጆሮ ማዳመጫውን ነቅለነዋል። ማሽኑን የያዝኩት እኔ ነኝ፣ ዳምጠው አካፋውን፣ ወልዴ የሻይ ፔርሙሱን።

"ጋሽ አየለ፣" አለ ወልዴ ሻዩን እየቀዳ፣ "ይሄ ነገር እኮ የፈረንጅ ሌባ ሻይ ነው፣ ልዩነቱ በወተት ፈንታ ባትሪ ማጉረሳችን ነው።"

"ወልዴ፣ በእንደዚህ ያለ ነገር አይቀለድም፣" አለ ዳምጠው፣ "ባዕድ አምልኮ ነው።"

"ኦኬ ፓስተር፣ ሶሪ።"

ወልዴ የአባቴን ነገር አያውቅም፣ ነግሬው አላውቅም፣ ስለዚህ አልፈርድበትም። ግን ደሜ ፈላ። እኔ በባሕርዬ የምጮህ ሰው አይደለሁም፣ ያን ቀንም አልጮህኩም፣ ማሽኑን ሣሩ ላይ አጋደምኩና "ሻርፕህን አውልቅ" አልኩት።

"ምን?"

"አውልቅና ወገቤን እሰረኝ፣ ጫፉን ከኋላ ያዝ። ሌባ ሻይ ከሆነ ይሂድ፣ የሚወድቅበትን አብረን እናያለን።"

"ጋሽዬ፣ ቀልዴን እኮ ነው።"

"እኔ አልቀለድኩም።"

"አየለ፣ ተው አንተ ሰውዬ፣" አለ ዳምጠው፣ "ሰው ያየናል።"

"በዚህ ጭጋግ ማን ያይሃል? እሰረኝ!"

አሰረኝ። ቀይ የሱፍ ሻርፕ ነበር። ማሽኑን አነሳሁና፣ ይሄንን አልደብቃችሁም፣ በአፌ "በል፣ ውሰደኝ" አልኩት። ማለት አልነበረብህም የሚሉኝ ሰዎች አሉ፣ ዛሬም ቢሆን እለዋለሁ።

ሁለት ጊዜ አወዛወዝኩት፣ ዝም። በሦስተኛው ድምፅ ሰጠ። የሳንቲም አይደለም፣ የቆርኪ አይደለም፣ የሚስማር አይደለም፣ ሰው አፉን ገጥሞ በአፍንጫው ሲያንጎራጉር የሚያሰማው ዓይነት፣ ዝቅ ያለ፣ የማይቋረጥ። ዳምጠው ቆፈረ፣ ክንድ ያህል ወረደ፣ አፈርና የዛፍ ሥር ብቻ። ጉድጓዱ ላይ መልሼ ባስኬደው ዝም አለ፣ አንድ እርምጃ ወደፊት ስል ግን አንጎራጎረ። እዚያም ቆፈርን፣ ምንም። ወደ ግራ ስወስደው ዝም፣ ወደ ቀኝ ዝም፣ ወደፊት ብቻ።

"የውሃ ቧንቧ ነው፣" አለ ዳምጠው፣ "ቧንቧ ተከትለህ ነው የምትሄደው።"

"ቧንቧም ከሆነ መጨረሻውን እንየው፣" አልኩ።

ሄድን። ሣሩን ጨረስን፣ ዥዋዥዌውን አለፍን፣ አንዲት የምትሮጥ ፈረንጅ ከነውሻዋ ከጭጋጉ ውስጥ ብቅ አለች፣ ወገቡን የታሰረ ሽማግሌ አይታ "ጉድ ሞርኒንግ" አለችን፣ የእነሱ ትሕትና መቼም። ውሻው ግን እኛ እስክናልፍ ሆዱን መሬት ላይ ለጥፎ ተኛ፣ ገመዱን ብትጎትተውም አልተነሳም።

አስፋልቱ ላይ ወጣን። እዚህ ጋ ልብ በሉልኝ፣ ዳር ላይ መኪኖች ፓርክ አድርገዋል፣ ማሽኑን በመኪናዎቹ አጠገብ፣ ያ ሁሉ ብረት ባለበት አሳለፍኩት፣ ጢው አላለም። ወደፊት ስመልሰው ያንጎራጉራል። መንገዱ የሚታጠፍበት ስንደርስ እኔ ሆን ብዬ ወደ ግራ፣ ወደ ሱቁ በኩል ሄድኩ፣ አሥር እርምጃ፣ ዝም። ተመለስኩ፣ ወደ ቀኝ፣ አንጎራጎረ። በቀኝ በኩል ምን እንዳለ አውቃለሁ፣ እነሱም ያውቃሉ።

"ወልዴ፣ አትያዘኝ፣ ላላ አድርገው፣" አልኩት፣ ወገቤን ከኋላ ስለከበደኝ።

"ምኑን?"

"ሻርፑን ነዋ!"

"ጋሽ አየለ፣ እኔ እኮ ሻርፑን ውሻው ጋ ነው የለቀቅኩት።"

ዞሬ አላየሁም። እንዳልፈራሁ እወቁልኝ፣ ዞሬ ብመለከት እነሱ ፈራ ይሉኛል ብዬ ነው። ወገቤ ግን ተይዞ ነበር፣ ሰው ሲይዝ እንደሚይዘው፣ አንዴ ጠበቅ፣ አንዴ ላላ።

በጓሮ በኩል ባለው ጠባብ መንገድ ገባን፣ የቆሻሻ በርሜሎቹን አለፍን፣ ወደ ቤዝመንቴ የሚያስወርዱት ሦስት ደረጃዎች ጋ ደረስን። አንደኛውን ወረድኩ፣ ሁለተኛውን ወረድኩ፣ ሦስተኛው ላይ ጉልበቴ ካደኝ። አልተደናቀፍኩም፣ አላዞረኝም፣ እግሬ ብቻ እንደ ሰው እግር መሆኑ ቀረ፣ በገዛ ደጄ ላይ፣ በገዛ በሬ መርገጫ ላይ ቁጭ አልኩ። ማሽኑ ከእጄ ወደቀና ዝም አለ።

ቀና ስል ወልዴ ኮፍያውን አውልቆ በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል፣ ለቅሶ ቤት እንደመጣ ሰው። ዳምጠው ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ይጸልያል። ከሁሉ የከፋብኝ የወልዴ ዓይን ነው፣ አራት ጊዜ አልጠረጥርም ያለኝ ሰው ዓይን። ያን ዓይነት ዓይን ልጅ ሆኜ አይቼዋለሁ።

ያ ዓይን ነው ያስነሳኝ። በሩን ከፈትኩና "ግቡ" አልኩ።

"አየለ፣ አያስፈልግም፣" አለ ዳምጠው።

"ግቡና ፈትሹ! እኔ ነኝ የማዝዛችሁ። ወልዴ፣ ማሽኑን አንሳ፣ አንተ ነህ የምትፈትሸው። ፍራሹን ገልብጥ፣ ጫማዬን አራግፍ፣ የስኳሩን ጣሳ ድፋው።"

"ጋሽ አየለ፣ አፈር ስሆን..."

"አንሳው አልኩህ!"

አንስቶ ጀመረ። የእኔ ክፍል ምን አላት፣ አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ምድጃ፣ ሳጥን። አልጋዬ የብረት ነው፣ ከነሽቦው፣ ማሽኑን በላዩ ላይ አሳለፈው፣ ዝም። መልሶ አሳለፈው፣ ዝም። ድስቶቼ ላይ፣ ዝም። በሩ ማጠፊያ ላይ፣ ዝም።

"ባትሪው አልቋል፣" አለ ወልዴ፣ ደስ ብሎት፣ ተንፍሶ።

ዳምጠው ተቀብሎት ወጣና ደረጃው ላይ የመኪናውን ቁልፍ ጥሎ ሞከረው፣ ጢው አለ፣ ደህና አድርጎ። ይዞት ገባ፣ ያንኑ ቁልፍ የእኔ ወለል ላይ ጣለው፣ ዝም። ሦስታችንም አየን፣ ሦስታችንም ሰማን፣ ዛሬ አልሰማሁም የሚል ካለ ከእኔ ጋር ፊት ለፊት ይነጋገር።

እኔ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ነበር፣ እጆቼ ጉልበቴ ላይ። ወልዴ ማሽኑን ከዳምጠው ተቀብሎ ወደ ማዕዘኑ ሊያስደግፈው በፊቴ ሲያሳልፈው አንጎራጎረ። ያው ድምፅ። ቆመ። መለሰው፣ በግራ እጄ በኩል ዝም፣ በቀኝ እጄ በኩል አንጎራጎረ።

"እጅዎን ይክፈቱ፣" አለኝ። ወልዴ እንደዚያ አድርጎ አዝዞኝ አያውቅም።

"ክፍት ነው።"

ክፍት ነበር። ገልብጬ መዳፌን አሳየሁት፣ ሰዓት አላስርም፣ ቀለበት አላደርግም፣ ጥይት የለብኝ፣ የሐኪም ብረት የለብኝ፣ ሥጋና አጥንት ነው። ማሽኑ ባዶ መዳፌ ላይ ሰው በአፍንጫው እንደሚያንጎራጉር እያንጎራጎረ ቆየ፣ ጣቴን ሳጥፍ ዝቅ ይላል፣ ስከፍት ከፍ ይላል። እጄን አላሸሸሁም። ወልዴ ነው በመጨረሻ ማሽኑን ያሸሸው።

"አሁኑኑ ጥሩነሽ ጋ ውሰደኝ፣" አልኩት።

"ምን ልትላት ነው?" አለ ዳምጠው።

"የሆነውን። ከእናንተ በፊት ከእኔ ትስማው።"

ቤታቸው ኦቴሎ የሚባለው ሰፈር ነበር፣ በታክሲው ሄድን። ጥሩነሽ ልብስ እያጣጠፈች ነበር፣ ሦስታችንን ባንድ ላይ ስታየን ሰው የሞተ መሰላት። ቁጭ ብዬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት፣ ሻርፑንም፣ ደጄንም፣ እጄንም፣ ምንም አላስቀረሁም። በመጨረሻ "ማሽኑ እኔን ከሷል፣ እኔ ግን ቀለበትሽን ነጠላሽ ላይ አኑሬ ይኸው ብዬሻለሁ፣ አንቺም እሺ ብለሻል፣ ሺ ማሽን ቢጮህ ቃሌ ይኸው ነው" አልኳት።

"እጅዎን ያሳዩኝ፣" አለችኝ።

ሰጠኋት። በሁለት እጇ ይዛ አገላብጣ አየችው።

"ጋሽ አየለ፣ 'እሺ' ያልኩ ይመስለኛል።"

"ይመስልሻል ወይስ ብለሻል?"

"ይመስለኛል። ሌላ ቀን ደግሞ ያላልኩ ይመስለኛል። ምን ላድርግ?"

ከዚያ ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፈቻቸው፣ ቀስ ብላ፣ ውስጡ እንዳይወድቅ የሚፈራለት ነገር ያለ ይመስል፣ እጄን ዘግታ መለሰችልኝ። ለምን እንዲያ እንዳደረገች አልጠየቅኳትም።

በማግሥቱ እሑድ በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ብድግ ብዬ ያንኑ ለሁሉም ተናገርኩ። ሐሜቱን ከእጃቸው ነጠቅኩት፣ የፈለገ ይመን፣ የፈለገ ቦርሳውን ያቅፍ። አንዳንዱ መጥቶ ጨበጠኝ፣ አንዳንዱ በግራ እጁ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ አለፈ፣ ቀኝ እጄን ግን አልጨበጠም፣ ማን ማን እንደሆነ አውቃለሁ። ቀለበቱ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ዳምጠው አሁን ቧንቧውን ትቶ የአውሮፕላን የሬዲዮ ሞገድ ነው ይላል፣ ግን ማሽኑን ከዚያ ቀን በኋላ ቤቱ አላስገባውም፣ ለእኔ ሰጠኝ። ወልዴ ቧንቧ ነው ይላል፣ ስለ እጄ ሲጠየቅ ወሬ ይቀይራል። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ መውጣቴን አላቆምኩም፣ ለምን አቆማለሁ፣ ምን አድርጌ? እዚያው አግዳሚ ጋ ነው የምሄደው፣ ሰው እያየኝ፣ በጠራራ ፀሐይ።

በቀደም ዳምጠው አብሮኝ ወጥቶ አያያዜን አየና "አየለ፣ አንተ ማሽኑን በቀኝህ አልነበር እንዴ የምትይዘው?" አለኝ።

"ግራው ቀለለኝ፣" አልኩት።

ማሽኑ ይህን ስጽፍ አጠገቤ ነው፣ ባትሪውም አዲስ ነው። ቀኝ እጄን ከሥሩ አሳልፌ ማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅብኝም። ከዚያ ቀን ወዲህ አላሳለፍኩም። ፈርቶ ነው እንዳትሉኝ፣ ያኖርኩበትን አውቃለሁ፣ ይኸው ብያታለሁ፣ እሺ ብላኛለች፣ ማሽን እኔን የሚጠይቀኝ ነገር የለም።